የአሉታ ቃላትና የዓርብ ስልክ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

እንደገና ሶማሌ ተራ። የጋሽ ከድር መለዋወጫ ሱቅ፣ በወንድሜ በሙባረክ ቦታ ዕቃ እደረድራለሁ። የፍሬን ሸራ ወደ ላይ፣ ካንዴላ ወደ ታች። ካርቶኖቹ ላይ በየቋንቋው ማስጠንቀቂያ አለ። አትክፈት፣ አታርጥብ፣ አትገልብጥ። ሙቤ ቋንቋዎቹን ሳያውቅ በቃሉ ይዟቸው ነበር። ኖን፣ ኒኽት፣ ኔ። ፈረንጅ ሁሉ ሲከለክል ለምን በ«ነ» ይጀምራል፣ አንተ ተማሪ አይደለህ፣ ፈልግልኝ ይለኝ ነበር።

ለእንግ. ክፍለ ጊዜ ስለ ቃላት አመጣጥ አቅርቡ ተብለናል። የሙቤን ጥያቄ ወሰድኩ። መልሱን ባገኘውም የምነግረው ሰው የለም። ሙቤን አብነት ሰፈር መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። አለቀ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

እማዬ ደወለች። ጅዳ፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እረፍቷ ዓርብ ብቻ። ስለ ሙቤ አልተነገራትም። የሰፈር ሽማግሌዎቹ ናቸው እንዲህ የወሰኑት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ኮንትራቷ አልቆ ስትመጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚይዛት ሰው ባለበት። እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ ይላል አባባ። እውነቱን ነው። የሚዋሸው ግን እኔ ነኝ።

ሙቤስ? አለች። እዚህ የለም አልኳት። ስልኩ ተሰርቋል ብለናታል። መርካቶ ውስጥ ይሄን ማን ይጠራጠራል።

«እናቱን ሸጦም ቢሆን ሌላ ይግዛ በለው» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ማስታወሻዬ፣ አገኘሁት። አብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ልጆች ናቸው። አሉታው «ነ» የምትል አጭር ድምፅ ነበረች። ሁሉም ከእሷ ወረሱ። አንዲት ድምፅ ብቻዋን ስትደክም ግን ትንንሽ ቃላት ይደግፏት ጀመሩ። የጀርመኖቹ ናይን፦ አንድም አይደለም። ኒኽት፦ ምንም ነገር። የፈረንሳዮቹ «ፓ» የሚገርም ነው። እርምጃ ማለት ነበር። አንድ እርምጃ አልሄድም ይሉ ነበር። እርምጃ ከአሉታ ጎን ብዙ ከመኖሩ የተነሳ ራሱ አሉታ ሆነ። ዛሬ ሲያወሩ «ነ»ን ይተዉዋታል። እርምጃ ብቻውን ይክዳል። ፍርፋሪና ጠብታ የሚሉት ቃላትም ድሮ እንደዚያው ሆነው ነበር።

ናትናኤል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ የጻፍኩትን አይቶ፦ «አንተ፣ ሴት በስንት ቋንቋ እምቢ እንድትልህ ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሙቤ ትዝ ያለው መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቆረ። የብስኩቱን ግማሽ ሰጠኝ።

ስፔኖች ምንም ለማለት «ናዳ» ይላሉ። መነሻው የተወለደ ነገር ማለት ነው። የተወለደ። ዛሬ ምንም። ደብተሬን ዘጋሁት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ደወለች። ሙቤስ? እዚህ የለም። ቀጥላ፦ «ስሙን ስጠራ ድምፅህ ይለወጣል። ተጣልታችኋል እንዴ? አንተ ታናሽ ነህ፣ ይቅርታ ጠይቀው።»

እሺ አልኳት።

እሺ ማለት ነበረብኝ? ሌላ ምን ልበል። ከሰዓት ሙሉ አልጋዬ ላይ። የሙቤ አልጋ አሁንም እንደተነጠፈ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አቀረብኩ። ጥሩ ጀመርኩ። ግሪኮች «ኔ» ሲሉ አዎ ማለታቸው ነው ስል ክፍሉ አውካካ። ሙቤ ቢሰማ ሱቁን ዘግቶ ይስቅ ነበር። የመጨረሻው ሩሲያኛ ነበር። የድሮዎቹ ታክሲዎች ዕቃ ካርቶን ላይ ያለው ቋንቋ። «ኔት» አንድ ቃል ይመስላል እንጂ ሦስት ቃል ተጨፍልቆ የወጣ ነው፤ አሉታው፣ አለ፣ እዚህ። እዚህ የለም። ጮክ ብዬ ስለው በየዓርቡ ለእማዬ የምለው መሆኑን ሰማሁት። መቀጠል አቃተኝ። ተቀመጥኩ። ቲቸር ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።

ከዚያ ወደ ምን አለሽ ተራ። አባባ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እየሠራ ነው። ለእማዬ እንንገራት አልኩት። መቀጥቀጡን አላቆመም። ደግሜ አልኩት።

«ልጄን ቀብሬያለሁ። እሷን ደግሞ በስልክ አልቀብርም።»



ኅዳር 20፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት

ደውላ ነበር። የአባባን ሳል ጠየቀች። ፈተናዬን። ብርዱን። የጎረቤታችንን ልጅ ሠርግ። ሙቤ ዕቃ ሊያመጣ አዳማ ሄዷል ልላት አዘጋጅቼ እጠብቅ ነበር። አልጠየቀችም። ስለ ሁሉም ሰው ጠየቀች፣ ስለ ሙቤ አልጠየቀችም። ከኋላዋ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ይፈሳል። ዕቃ እያጠበች አይመስለኝም። ድምፅዋ ጎርንኗል።

«በርታ ልጄ። አባትህን እንዳትለየው» አለች። ዘጋች።

ሮጬ ለአባባ ነገርኩት። ረስታው ይሆናል አለ። መዶሻውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። «አልጠየቀችም?» አለ እንደገና። ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ።

ሰምታለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ጅዳ የሰፈራችን ሰው ሞልቷል። ሰው ቤት፣ ቧንቧ ከፍታ፣ ብቻዋን ነው የምታለቅሰው። ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለን ነበር የደበቅናት። አሁን ደግሞ እኛ እንዳንደነግጥ እሷ ትደብቀናለች።

እረፍቷ እስከ ማታ ነው። አባባ አልፈቀደም፣ አልከለከለም። ሽማግሌዎቹን አልጠይቅም። አሁን እደውላለሁ። ሰላምታ የለ፣ ብርድ የለ። እማዬ፣ ሰምተሻል አይደል፣ ነው የምላት። ከዚያ ወዲያ የምለው የለኝም። የማጽናናበት ቃል አላውቅም። ታልቅስ። እኔም አለቅሳለሁ። ስልኩን አልዘጋም።