«አልሐምዱሊላህ» ስላለችው እህቴና ሳይታይ ስለተመለሰው እግሯ

ዛሬ ደሴ ላይ እኔንና እህቴን ለመረመረው ክሊኒክ የተከበሩ ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ መመኘት ካርድ አያስወጣምና። ዐቂል ዓብደላ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርና ፒያሳ ስቀልድ የምውል ሽማግሌ ነኝ። ታናሽ እህቴን ሳሊሃን ከሐርቡ አስመጥቼ ወደ እናንተ ይዣት ስለመጣሁ፣ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ዘበኛዎን አቶ በላቸውን አመሰግናለሁ። ከረባቴን ከሩቅ አይተው «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ አሳልፈው አስገቡኝ፤ ሳሊሃን ግን «እማማ፣ እርስዎ እዚያ ጥግ ይቀመጡ» አሏት። አብራኝ እንደመጣች ስነግራቸው እንደ መደንገጥ አሉና እሷንም አሳለፏት።

ሁለተኛ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሁለታችንን አየት አየት አድርጋ «እናትዎ ናቸው?» አለችኝ። ሳሊሃ ታናሼ ናት። እኔም ቀልድ ሲገኝ የማልፍ ሰው አይደለሁምና «አዎ፣ ጡት ያስጣለችኝ ገና አምና ነው» አልኋት፤ ሳሊሃም ሻሿን ወደ አፏ ሰብስባ ሳቀች። ልጅቷን አልቀየምኳትም። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው አንዱ ጠመኔ፣ ሌላዋ እንስራና እንጨት ተሸክመው ካረጁ፣ ፊት ላይ የሚነበበው ዕድሜ አንድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሐኪም፣ አላህ ይባርከው፣ ትሑት ነው። «እንዴት ነዎት አባባ?» ቢለኝ ከጉልበቴ ተነሥቼ፣ በጨጓራዬ አድርጌ፣ እስከ እንቅልፌ ድረስ ሕመሜን እንደ ካርታ ዘረጋሁለት። አስተኝቶ ዳሰሰኝ፣ ደም አስወሰደልኝ፣ ራጅ አዘዘልኝ። ከዚያ ወደ ሳሊሃ ዞሮ «እርስዎስ እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አላት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ» አለችው። ደህና መሆኗን ጻፈና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ክቡርነትዎ፣ በእኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት በቅድሚያ አልሐምዱሊላህ ይላል። ያ ለአላህ የሚሰጥ መልስ ነው፤ የሰውየው መልስ የሚመጣው «እህ፣ ታዲያስ? በል እንጂ» ተብሎ ሁለቴም ሦስቴም ሲጠየቅ ነው። እኔ ተምሬያለሁና ሳልለመን ሕመሜን መዘርዘር አውቃለሁ፤ እሷ ግን ትልቅ ሰው ማስቸገር ነውር ነው እንደተባለች አርጅታለች።

መናኸሪያ ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ምነው ብላት «እግሬን ትንሽ» አለች። ላስቲክ ጫማዋን አወለቅሁላት። የአውራ ጣቷ ሥር ጠቁሯል፣ ቁስሉም ይሸታል። «ከርሟል፣ ግን አያመኝም» አለችኝ። ስኳር እግሩን ያስቆረጠው ጎረቤት አለኝና የማያም ቁስል እንዴት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ።

ደግፌ መለስኋት። ዳገቱ ላይ ሲያልበኝ ከረባቴን ፈትቼ ኪሴ ከትቼው ነበር፤ አቶ በላቸውም ቀና ብለው ሳያዩን «ተራ አልቋል፣ ሰኞ ኑ» አሉን። ከረባቱን ከኪሴ ላወጣ አልሁና አፈርሁ። አሁን ሳስበው ማፈር የነበረብኝ ጠዋት ነበር።

አራተኛውን አቤቱታ ለእርስዎ ልልከው አልችልም። አባታችን የማስተማር አቅሙ ለአንድ ልጅ ብቻ ነበርና እኔን መረጠ። ኮምቦልቻ ስማር ስንቄን ከሐርቡ በእግሯ እየመጣች ታደርስልኝ የነበረችው ሳሊሃ ናት። በዚያ እግር የተማረውን ምላሴን ዛሬ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ስለ ገዛ ጉልበቴ ሳወራበት ዋልሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «እሷንም ደግመህ ጠይቃት» ለማለት ቃል አልተረፈኝም። ስለዚህ እርስዎን መውቀስ ስጀምር የራሴን ስም አስቀድሜ እጽፋለሁ።

የእህቴ እግር ማንበብ አልተማረምና የሰኞን ቀጠሮ አያውቅም። ነገ በማለዳ በራችሁ ላይ ነን። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ነዎት አይበሏት። ጫማዎን ያውልቁ ይበሏት።

በታላቅ አክብሮት፣ በደንብ በታየ ጉልበትና በደንብ ባልታየ ሕሊና፣

ዐቂል ዓብደላ
የሳሊሃ ታላቅ፣ በመልክ ግን ታናሽ

ማስታወሻ፦ ነገ ከረባቱን የምታስረው ሳሊሃ ናት። እኔ ሽርጥ አገልድሜ፣ መነጽሬን አውልቄ ጥጉ ላይ እቀመጣለሁ፤ አቶ በላቸው ማንን «ይግቡ» እንደሚሉ አብረን እናያለን። አሁን ማታ አንገቷ ላይ ስለካላት ጠበቀባት መሰለኝ ፊቷ ቀላ። አነቀሽ እንዴ ብላት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት።