በሁለት መሐንዲስ የታየ ቤት

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ መባቻ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ።

እንደምን ሰንብተዋል? የደም ግፊትዎስ እንዴት ሆነ? መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንደሚወስዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጆቹንና እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እምዬ ጉልበቷን ብታማርርም ማርቆስ ሄዳ ማስቀደሷን አልተወችም። ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ገብቶ ጭቃው ከወዲሁ ከቤት አላስወጣ ብሎናል።

ስልኩን ትቼ የጻፍኩልዎ፣ ድምፅዎን ስሰማ ልል ያሰብኩት ሁሉ ስለሚጠፋኝ ነው። ነገሩ የቤቱ ነው። ባለፈው ሲደውሉ «ምን ትጠብቂያለሽ? እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አታገኚም፤ ቶሎ ፈርሚ» ብለውኝ ነበር። አልፈረምኩም። ለምን እንዳልፈረምኩ ልንገርዎ።

እንደሚያውቁት አሮጌ ቤት እየገዛሁ፣ እያደስኩ ለተማሪ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ መሐንዲስ ሳይመረምረው የገዛሁት ቤት የለም። የዚህን ቤት መሐንዲስ ግን የላኩልኝ እርስዎ ነዎት፤ «አብይን እንደ እኔ እመኚው» ብለው። መጣ። ሰው አክባሪ ነው፣ ጨዋታውም ደስ ይላል። ነገር ግን ኮርኒሱ ውስጥ አንገቱን እንኳ አላስገባም፤ የጓሮውን ግድግዳ ዞር ብሎ አላየውም። ስልኩን እየነካካ «ቤቱ ጤነኛ ነው» አለኝ።

ይህንስ ቸኩሎ ነው ብዬ ባለፍኩት። እንቅልፍ የነሣኝ የጓዳው በር ነው። ማጠፊያው ስለወረደ ሲገፉት እምቢ ይላል፤ እኔም ደላላው የኋላሸትም ስንት ጊዜ ታግለነዋል። አብይ ግን እንደደረሰ እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ብድግ አደረገና ከፈተው። ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። እዚህ መጥተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ኧረ እኔ ማርቆስን ራሱን ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለኝ።

በማግስቱ የኋላሸትን የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰውየው ቤቱን የገዛው አምና እንደሆነ፣ ስሙን ገና ስላላዞረ ካርታው በፊተኛው ባለቤት ስም እንዳለ ነገረኝ። ደላላው ራሱም ሰውየው የአዲስ አበባ ሰው መሆኑን እንጂ ሌላ እንደማያውቅ፣ የሚገናኙትም በስልክ ብቻ እንደሆነ ማለልኝ። መሐላው በዛብኝ።

ስለዚህ ሌላ መሐንዲስ ጠራሁ። ሶልያና ትባላለች፣ የደጀን ልጅ ናት። ከጠዋት ጀምራ ግድግዳውን ሁሉ እያንኳኳች ዞረች። ጓሮው ጋ ስትደርስ ቆመች። ልስኑ አዲስ ነው አለች። ዘበኛውን አስፈቅዳ ትንሽ ብትፈቀፍቀው፣ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ ከሥሩ ወጣ። ቤቱ የቆመው ዋልካ አፈር ላይ ነው፤ መሠረቱ ጠልቆ ስላልተቆፈረ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰምጣል። «ይሄኛው ክረምት ቢያልፍለት እንኳ ተማሪ እንዳታስገቢበት፤ ሰው ላይ ይናዳል» አለችኝ።

ዘበኛው አያ እንዳላማው ቆመው ያያሉ። ምንም አልደነገጡም። ያውቁት ነበር ወይ ብላቸው «ሲለሰን እዚሁ አልነበርሁም?» አሉኝ። በጥር ሁለት ሰዎች መጥተው ስንጥቁን አይተው እንደሄዱ፣ አንዱ ያ በቀደም የመጣው መሐንዲስ እንደሆነ፣ ልስኑም ከዚያ በኋላ እንደተለሰነ አጫወቱኝ። ሁለተኛውስ ማነው አልኳቸው።

«ባለቤቱ ነዋ! ደግ ሰው ነው፤ ጋቢ ሰጥቶኛል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ‹መነጽሬን አያችሁት ወይ?› እያለ ግቢውን ሲያምሰው ያ መሐንዲስ በሳቅ ሞተ» አሉኝ።

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሶልያና አመመሽ ወይ ብላ ውኃ ሰጠችኝ።

ለእምዬ አልነገርኳትም። የመነጽሩን ነገር ብነግራት «ያ አመሉ ዛሬም አልለቀቀውም» ብላ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥላ «መቼ መጥቶ? ሳያየኝ ሄደ?» ትለኛለች። በጥር ታማ ተኝታ እንደነበር ያስታውሳሉ። «ሥራ ይዞኝ ከአዲስ አበባ መውጣት አልቻልኩም» ብለውን ነበር።

ቤቱን አልገዛም። ሌላ ሰው ላይ እንዳይጥለው ደላላውንም ጎትቼ ወስጄ ስንጥቁን አሳይቼዋለሁ። አብይን ከእንግዲህ አይላኩብኝ። ባለቤቱን ግን አዲስ አበባ ሳያገኙት አይቀሩምና ይህን ይንገሩልኝ፦ እሱም ተታሎ ገዝቶት ከሆነ አዝኛለሁ። ጨንቆት ከሆነ ደግሞ ሰው ሳይልክ፣ ግድግዳ ሳያስለስን፣ ራሱ መጥቶ «እኅቴ፣ ቸገረኝ» ቢለኝ ካለኝ ላይ እቆርስለት ነበር። አሁንም አልረፈደም። ሲመጣ ግን ከእኔ በፊት እናቱን ይይ።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይመልስልዎ፤ ልጆችዎን ያሳድግልዎ፤ ክረምቱን በሰላም ያሻግርዎ። እምዬ ዛሬም ጠዋት ስምዎን ጠርታ ስትመርቅዎ ሰማኋት። እኔም አሜን ብያለሁ።

አክባሪዎ ታናሽ እኅትዎ