የግራ እጅጌ ሰፊዋ

እህት ዓለም፣ ይህች ፖስታ ካርድ ጠባብ ስለሆነች ጤናሽን በልቤ ጠይቄሻለሁ።

እዚህ ፋብሪካ ስሜ «ግራ እጅጌ» ሆኗል። ከመጣሁ ጀምሮ የምሰፋው የሸሚዝ ግራ እጅጌ ብቻ ነዋ! ቀኙ የሌላ ሰው ነው፤ ኮሌታውም እንደዚያው። አንቺና እኔ በዚያች ጠባብ ሱቃችን ሙሽራ ከነሚዜዎቿ እንዳላለበስን፣ ሙያዬ ከእጄ ሊወጣ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

ሰሞኑን ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛችን ሴት ልጅ ወለደች። በምሳ ሰዓት ከተጣለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለሕፃኗ ቀሚስ ሠራሁላት። ሜትር አጥቼ በስንዝር ለካሁ፤ አትቆጪኝ፣ ለአራስ ልጅ ስንዝር መች አነሰ!

አለቃችን ቀሚሷን አንስታ ገለባበጠችና «ይህን ማን ነው የቆረጠው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። በሌብነት የተያዝኩ መስሎኝ «የተጣለ ቁርጥራጭ ነው» ማለት ጀመርኩ። ለካ ሴትዮዋ ልብስ ቆራጭ ፈልጋ ፈልጋ አጥታ ኖሯል! «ከሰኞ ጀምሮ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነሽ» አለችኝ።

ቦታ አለቀብኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ማሽኔንም ዘይት አጠጪልኝ፣ እንዳይዝግ። ደግሞ ልንገርሽ፦ ከቀሚሷ መጀመሪያ የሰፋሁት ቀኝ እጅጌዋን ነው።