ከአቶ አሰግድ ማኅደር ያልወጣው ደብዳቤ

አቶ አሰግድ ሣህሌ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሌ ይበልጣልና ከእናታቸው ከወ/ሮ አባይነሽ ደመቀ ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በጢቾ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩና፣ ልጃቸው የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን እንዲናገሩ አድርገው አሳደጓቸው። በኋላ ጣጣ ያመጣባቸውም ይኸው ጠባያቸው ነው።

በጢቾና በአሰላ ተምረው በ1988 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በኦጎልቾ ሲያስተምሩ ከወ/ሮ መቅደላዊት ፊሊጶስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤፍራታንና ቢታንያን ወለዱ። በ2007 ዓ.ም. አሰላ በሚገኝ አንድ የምርምር ማዕከል የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ።

ሥራቸው ብልጭ እያለ የሚጠፋ የሌዘር ጨረር በግራፋይት ላይ እየለቀቁ፣ የሚተነውን ካርቦን በመስታወት ላይ እንደ ስስ ሽፋን ማሳደግ ነበር። ይህ የሚሆነው አየሩ ወጥቶ ጥቂት አርጎን ጋዝ በገባበት የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ጋዙ ካነሰ ካርቦኑ መስታወቱን በኃይል ይመታና ሽፋኑ ይላጣል።

ከውጭ ተምረው የመጡት ኃላፊያቸው ዶ/ር ይስሃቅ፣ የሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ የውጭ አየር ሲገባ የጋዙ ግፊት መለኪያ 760 ላይ እንዲስተካከል አዘዙ። መመሪያው እንደዚያ ይላል። መመሪያውን የጻፉት ግን በባሕር ጠለል ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የአሰላ አየር ስስ ነው፣ 570 ቢሞላ ነው። 760 ከተባለ መለኪያው ጋዙን ከእውነቱ አብዝቶ ያሳያል፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ግን ያንሳል። አቶ አሰግድ ይህን በቃልም በጽሑፍም ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም። ሽፋኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ተላጠ። ዶ/ር ይስሃቅም በ2010 ዓ.ም. «በግዴለሽነት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ማኅደራቸው ውስጥ አስገቡና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው። በዓመቱ መለኪያው በጸጥታ 570 ላይ ተስተካከለ። ሽፋኑም ያዘ። የተሸለሙት ዶ/ር ይስሃቅ ናቸው።

አቶ አሰግድ ደብዳቤው እንዲነሣላቸው አራት ጊዜ አመለከቱ። በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉም «በቀለች፣ ያ ነገር ተነሣ?» እያሉ እህታቸውን ይጠይቁ ነበር። ያቺ እህት ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። አልተነሣም ማለት አቅቶኝ ዝም እል ነበር፤ ያን ዝምታዬን ለዶ/ር ይስሃቅ ይቅር አልልም።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል።

ዶ/ር ይስሃቅ በቀብሩ ላይ ንግግር ላድርግ ብለው ትናንት ልከውብን ነበር። እምቢ ብለናል። ለአርባው ግን ደብዳቤውን ከማኅደሩ አውጥተው ይዘው ይምጡ። ባዶ እጃቸውን ከሆነ አይምጡብን።

የማንም አለቃ ማኅደር በማይጽፍበት ሥፍራ፣ ፈጣሪ የአሰግድን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።