ጥቁር ለባሾቹ

ይድረስ ለማትጠገቢው እናቴ። እንደምን ከርመሽልኛል? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽስ ተሻለው? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እህቴስ፣ መነጽሯን ታደርጋለች ወይስ ዛሬም ትደብቀዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው።

አክስቴ ፎቶዬን አይታ “ልጅሽ ሰይጣን ከሚያመልኩ ጥቁር ለባሾች ጋር ገጠመ” ብላ እንዳስደነገጠችሽ ሰማሁ። አንቺ ግን መጀመሪያ “ማን ሞቶበት ነው?” ብለሽ ነበር አሉ። እማዬ፣ ወደ እውነቱ የቀረብሽው አንቺ ነሽ። ከሥሩ ልንገርሽ።

በፎቶው ላይ አብሬያቸው ያለሁት የሙዚቃ ባንድ የተመሠረተው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ መስታወት ቆራጭ፣ የአውቶቡስ ሹፌርና ቧንቧ ሠራተኛ። የሚጫወቱት ጥቁር የሚለበስበትን፣ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ዘፋኙ እንደተቆጣ በሬ ይጮኻል። እህቴ፣ እዚህ ላይ አትሳቂ! መጀመሪያ የሚለማመዱት መስታወት ቤቱ ጓሮ ነበር፤ አንድ ትልቅ መስታወት ሲሰነጠቅ ባለቤቱ አባረራቸው። ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው ሚስቱን ለምኖ ምድር ቤታቸውን ለቀቀላቸው። ሠርግ የሚጠራቸው የለ፣ ሬዲዮ የሚያሰማቸው የለ፤ ለሃያ ለሠላሳ ሰው እየተጫወቱ አሥራ አምስት ዓመት ዘለቁ። ከበሮ መቺው ቧንቧ ሠራተኛው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሁለቱም ጊታራቸውን ሰቀሉ።

አከራዬ እትዬ የሟቹ ከበሮ መቺ ሚስት ናቸው። እጄ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ፤ ትሪሽን እየደበደብኩ ስንቴ ተቆጥተሽኛል! አንድ ቀን ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ወደ ክፍሌ ገብቼ ጠረጴዛ ስቀጠቅጥ ሰሙኝና ምድር ቤቱን ከነከበሮው ከፈቱልኝ። ትልቁ ከበሮ ድምፁ እንዳይበዛ ሆዱ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጠቅበታል። ሳወጣው የባላቸው ሹራብ ነው። ሙያዬ ማጠብ ነውና ላጥበው አሰብኩ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ። እንዳለ ይዤላቸው ወጣሁ። ፊታቸውን ቀብረውበት ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ራሳቸው መልሰው ከተቱትና “ከቦታው አታውጣው፤ አንተ ምታ” አሉኝ።

የቀሩትን ሁለት ጓደኞቹን የጠሯቸውም እሳቸው ናቸው። ሹፌሩ በጓደኛው ወንበር ተቀምጬ ሲያየኝ ከብዶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጫወተ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስሳሳት ዞር አለና “ስህተቱ እንኳ የእሱ ነው!” ብሎ እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነሱ ሆንኩ።

አምና ሳንባዬን ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ነበር። ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ። ሹፌሩ ፈረቃውን ቀይሮ ሾርባ በማንኪያ አጎረሰኝ። ያ እንደ በሬ የሚጮኸው መስታወት ቆራጭ እንቅልፌን እንዳይረብሽ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየተራመደ አንሶላዬን ይቀይር ነበር። ሰይጣን እንዲህ ካስታመመ፣ አክስቴ ሌላ ስም ትፈልግለት።

ባለፈው ቅዳሜ በሠራተኞች አዳራሽ ተጫወትን። እትዬ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ፊት ተቀመጡ። ስንጨርስ እጄን ይዘው “ለእናትህ ጻፍላት፤ ቤቴ ድምፅ ከጠፋበት አራት ዓመቱ ነበር፣ ልጅሽ መለሰልኝ በላት” አሉኝ። እነሆ ጻፍኩልሽ። ይህችን እጅ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽና ምስጋናው ያንቺ ነው።

አክስቴን ሰላም በይልኝ፤ ጠጉረ ረጅሙ ሹፌሩ ብቻ ነው፣ መስታወት ቆራጩ መላጣ ነው በያት። እህቴን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬ ይድረሰው። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ሲከፍት ደግሞ አትቆጪው።

ልጅሽ
ከምድር ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን