ሴት መሆን የተወችው ቂሪላ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ዲዲሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ሄሮንና ልጆቹ፣ ሳል የማይለቃቸው አማትሽስ ደኅና ናቸው? የእስክንድርያ ነፋስ ለደረት አይሆንምና ተሸፋፈኚ። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። ቅናት ግን አንጀቴን እያሳረረው ነው፤ ላንቺ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ?

ባሌ ኮፕሬስ መኝታ ከለየ ቆየ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ፣ "ከእንግዲህ እንደ እኅትና ወንድም እንኑር። ሥጋ እንደ አህያ ነው፣ ካጠገቡት ይራገጣል" አለኝ። ገላውን አይታጠብ፣ ዘይት አይቀባ፤ ያ ደንዳና ትከሻው አመድ መሰለ። ይህንንስ ቻልኩት፤ ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይፎካከራል?

ያልቻልኩት ቂሪላን ነው። ራሷን ለክርስቶስ የሰጠች፣ ፀጉሯን የተላጨች ድንግል ናት። እናቷ ስትሞትባት ኮፕሬስ "የመንፈስ እኅቴ ናት" ብሎ እኛው ቤት አስገባት። እንዲህ የሚያደርግ እዚህ ብዙ ነው፤ ቄሳችን ግን አይወዱትም። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ ለእኔ ቃል የሚሰስተው ሰው ከእሷ ጋር መዝሙር ሲቀባበል ይውላል። አቀርቅራ ስትሄድማ መልአክ ናት። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል፣ እትዬ!

ሰሞኑን ትኩሳት ጣለው። እግሩን ላጥበው ውሃ አሙቄ ብገባ፣ እሷ ቀድማኝ ተንበርክካ ታጥበዋለች። እጄን ብሰድ "የሴት እጅ አይንካኝ" ብሎ እግሩን ሰበሰበ። "እሷስ?" አልኩት። "እሷማ ሴት መሆን ትታለች" አለኝ። ልጆች የወለድኩለት እኔ በገዛ ቤቴ እንደ እርኩስ ተቆጠርኩ።

ከሴት የመራቅ ስእለቱ ያለ ሚስት ፈቃድ አይጸናም። ስለዚህ ለፋሲካ በቄሱ ፊት እሺ እንድል ለመነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ "ታድለሽ!" ይለኛል። እኔ ግን እሺ ካልኩ እስከ ሞት ድረስ ባል እንደሌለኝ አውቃለሁ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ቄሱ ባሉበት፣ "እሺ እላለሁ። ሴትን ከተውክ ግን ሁላችንንም ተው፤ ቂሪላም ደናግሉ አብረው ወደሚኖሩበት ቤት ትግባ" አልኩት። ቄሱ "እውነቷን ነው" አሉ። ኮፕሬስ ፊቱ ተለዋወጠ። "እስቲ ልጸልይበት፤ ጊዜ ስጪኝ" አለ።

ከእኔ ለመለየት አንዲት ቀን እንኳ አላሰበበትም ነበር፣ እትዬ።

እሺታዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሄሮንን እጅ ነሺልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ኤውዶክስያንና ትንሹን ሆሪዮንን ጉንጫቸውን።

እኅትሽ ሰናሙን
ፋዩም፣ በፋርሙቲ ወር በስምንተኛው ቀን