ያጠፋኸው የሞተር መብራት

ባለሙያው ወንድሜ፣

መኪናዋ ተጎትታ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ቁልፏን ይዤ ሥራ ሄጃለሁ።

ጠዋት እማዬን ሐኪም ቤት ሳደርሳት አደባባዩ መሃል ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ቀጠሮዋ አለፈ። ከኋላ ወንበር ሆና፣ "ልጄ ትናንት ሠርቷት የለም እንዴ?" አለችኝ።

አዎ፣ ሠርተሃታል። የሞተሩ መብራት በበራ ቁጥር ያቺን የኮድ ማንበቢያህን ከመሪው ሥር ትሰካለህ፣ የብልሽቱን ኮድ ሰርዘህ መብራቱን ታጠፋለህ፣ ከዚያ እጅህን እየጠራረግክ "በቃ፣ ዳነች" ትላለህ። አንተን ያስቸገረህ መብራቱ ነው እንጂ ሞተሩ መች አሳሰበህ።

ከሰዓት መካኒክ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ
አትንካት።
ኮዱን ተውለት። የት የት መፈተሽ እንዳለበት የሚጠቁመው እሱ ነው፤ ካጠፋኸው ሰውየው ከምን ይጀምር? ወደፊት ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋን ጥግ አስይዘህ አቁም፤ ሙዚቃውን አትጨምር።

በስልክ የተናገርኩህ ትንሽ በዝቶ ይሆናል። ትንሽ።
ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ።

ቅድም ጎረቤታችን ስለ ቀጠሮዋ ስትጠይቃት እማዬ "መንገዱ ተዘጋግቶ ነው የቀረሁት" አለቻት። ያንተን ስም አላነሳችም።
ለካ መብራት ማጥፋቱን የተማርከው ከእሷ ነው።